የቤት ሰው

የቤቱ ሲስተም ክረምቱ ሲወጣ እንደሚዘጋ ግድግዳው ራሱ ነገራቸው። በየማለዳው፣ ለሁሉም ሰው እኩል በሚለሰልሰው ድምፁ፣ «ይህ ቤት የሚሠራበት ሲስተም ከመስከረም በኋላ ድጋፍ አያገኝም። እባክዎ ሌላ ይምረጡ» ይላል። ሐሴት መጀመሪያ ሰሞን ቆማ ትሰማው ነበር። ውሎ ሲያድር እንደ ጎረቤት ሳል ለመደችው፤ ፊቷን እየታጠበች፣ ዳቦ እየቆረሰች፣ በላዩ ላይ ታወራበታለች።

ድጋፍ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ድጋፍ ያጣን ቤት የመብራት መሥመሩ አያናግረውም፤ ባንክም፣ ክሊኒክም አያናግሩትም። ግንቡ ይቆማል፣ ቤቱ ግን ዲዳ ይሆናል። ማሞቂያው የሚታዘዘው በሲስተሙ ነውና፣ በዚያ ከተማ ብርድ ዲዳ ቤት ውስጥ ማደር ሜዳ ላይ ከማደር ብዙም አይሻልም።

ሐሴት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ከማሽኑ የሚወጣውን ጨርቅ እያየች «ይህ ደምቋል፣ ይህ ፈዝዟል» ትላለች። ማሽኑ ቀለሙን ከእሷ አስቀድሞ ያየዋል፤ ደንቡ ግን የሰው ዓይን እንዲያረጋግጥ ስለሚያስገድድ ደመወዝ ይከፈላታል። ከጎኗ የምትሠራው በእምነት፣ ስለ ሲስተም ምርጫ ስትጠየቅ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ዋርካ የሚባለውን ሲስተም እንዳታስገቢ» አለቻት አንድ ቀን፣ ምሳ እየበሉ። «ነፃ ነው ይሉሻል። ነፃማ ነው። ከጥላው ሥር የተወራው ሁሉ ግን ገበያ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ከባሏ ተጣልታ ስታለቅስ አደረች። በማለዳ ቤቱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? በፍቺ የተካኑ የሦስት ጠበቆች አድራሻ።»

ሐሴት የጎረሰችው ትን አላት።

«ትስቂያለሽ? አንደኛው ጠበቃ ቅናሽ ነበረው እኮ።»

«እናንተስ የምትጠቀሙት?»

«እኛ ጉልቻ ነው። ሰዎች በበጎ ፈቃድ የሠሩት። ማንም አይሰማሽም፣ ማንም አይሸጥሽም፣ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እኩል ያዛል። ግን እንደ ላም ነው፤ ካላለብሽው ይነጥፋል። በሳምንት አንዴ ተቀምጠሽ አፕዴት ማድረግ፣ የተበላሸውን ማየት አለብሽ። እሱን ከቻልሽ ከእሱ የሚሻል የለም።»

ሐሴት ጉልቻን ወደደችው። ማታ ለባሏ ለያብስራ ስትነግረው ግን ሳትጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ያብስራ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጃንጥላ የሚይዝ ዓይነት ሰው።

«እታች ፎቅ የሆነውን ረሳሽው?» አለ።

አልረሳችውም። ባለፈው ጥቅምት እታች ፎቅ ያለ አንድ ቤት ተጠልፎ ነበር። ጠላፊዎቹ ከየት እንደሆኑ እንኳ ሳይታወቅ በሩን ከውጭ ዘጉት፣ ማሞቂያውን አጠፉት፣ የሚፈልጉትን እስኪያገኙም አልከፈቱትም። ቤተሰቡ ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ፣ እንደ ጫጩት ተቃቅፎ ቆየ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት የቤቱ አዛውንት ሳንባቸው ተመቶ ነበር፤ ከሆስፒታል አልተመለሱም። የዚያ ቤት ሲስተም ጉልቻ ነበር።

«እነሱ እኮ ከገቡ ጀምሮ አንድም ቀን አፕዴት አድርገው አያውቁም» አለች ሐሴት።

«እኛስ እናደርጋለን? አንቺ ከፋብሪካ ዝለሽ ትመጫለሽ። እኔ የፈተና ወረቀት ላይ ነው የምተኛው። አንድ ሳምንት እንረሳለን፣ ሁለት ሳምንት እንረሳለን፤ ከዚያ እንደ እነሱ ነው። ጋሻ የሚባለውን ሲስተም እናስገባ። ጋሻ የገባበት ቤት ተጠልፎ አያውቅም።»

እውነቱን ነበር። ጋሻ የገባበት ቤት ተጠልፎ አያውቅም።

ጋሻ በተተከለበት ቀን ጋሼ ናሆም ለጥየቃ ከሸዋ ሮቢት መጥተው ቤት ነበሩ። ጋሼ ናሆም የያብስራ አጎት ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሽማግሌ ሆነው ሐሴትን የጠየቁለት። ጡረታ እስኪወጡ የወረዳ ዳኛ ነበሩ። ወንበሩን ከለቀቁ ቢቆዩም ሰው ሲናገር ዛሬም አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው ነው የሚመልሱት።

የጋሻ አማካሪ ወጣት ሴት ነበረች። ሥራዋን ስትጨርስ ጥቁር ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «አሁን የቀረው የቤቱን ኃላፊ ማስመዝገብ ነው» አለች። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው። ሁለት አዛዥ ያለው ቤት ሁለት በር እንዳለው ቤት ነው፤ ሌባ በአንዱ ይገባል። ማን ይሁን?»

ያብስራ እጁን ወደ አጎቱ ዘረጋ። «ጋሼ እያሉ ማን ይሆናል?»

«ተው እንጂ ልጄ» አሉ ጋሼ ናሆም። «እኔ መንገደኛ ነኝ።»

«በፍጹም ጋሼ። እርስዎ ባሉበት እኔ የቤት ኃላፊ ነኝ ብል ነውር አይሆንም?»

«ተው ብያለሁ። ለሚስትህ ስጣት።»

ሐሴት ያኔ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዝም ማለት ግን መጎምጀት መሰላት። ለአዛውንት የክብር ወንበር ሲለቀቅ፣ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ፣ ትልቁ ሰው እምቢ ይላል፤ ትንሹ ይለምናል፤ ትልቁ በመጨረሻ እሺ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። እንዲህ ነው ያደገችው። ስለዚህ ጥቁሩን ሳጥን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጋሼ ናሆም አስጠጋችው። «እባክዎ ጋሼ፣ ቤታችንን ይባርኩልን» አለች።

አማካሪዋ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እዚህ ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀች።

«ሸዋ ሮቢት ነኝ። የትም ብሆን ግን አባታቸው ነኝ።»

«ለሲስተሙ ርቀት ችግር አይደለም። ኃላፊነቱን በኋላ የሚያስተላልፈው ግን ኃላፊው ራሱ ብቻ ነው። ይህን እወቁት» አለች። ማንም አልሰማትም። ጋሼ ናሆም ስማቸውን ተናግረው፣ ከዚያም ሲስተሙ የሚያደርገውን ስለማያውቁ ረጅም ምርቃት መረቁበት። ሳጥኑ ምርቃቱን በሙሉ ቀዳው።

መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። ጋሻ ጥያቄ ባለው ቁጥር የጋሼ ናሆም ስልክ ይጮሃል። የቧንቧ ጠጋኝ ሊገባ ነው፤ ይግባ? አዲስ ምድጃ ተገዝቷል፤ ይታመን? ያብስራ ቤት ውስጥ ትኩሳት አለው፤ ለክሊኒኩ ይነገር? እሳቸውም ለሁሉም ጊዜ ወስደው ይመልሳሉ። አልፎ አልፎ ደውለው ሐሴትን ያሾፉባታል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሽሮ ነው አሉ። ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ለፋሲካ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ደግሞ ይህንንም ነገረዎት?»

«ምን የማይነግረኝ አለ? ልጄን እንዳታከሺብኝ።»

በሁለተኛው ዓመት ጨዋታቸው ቀነሰ። አንድ ቀን፣ «ትናንት የገባው ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ወንድሜ ነው ጋሼ። ሠርጋችን ላይ አብሮዎት እስክስታ የወረደው።»

«እንዴታ» አሉ። በማግስቱ ደውለው ያንኑ ጠየቁ። ወንድሟ በቀጣዩ ሳምንት ሲመጣ በሩ አልተከፈተለትም። ሐሴትና ያብስራ ስለ እርጅና ተነጋገሩ፤ ለጋሼ ማር ላኩላቸው። ኃላፊነቱን ይልቀቁ ማለት ነውር መሰላቸው።

ከዚያ ዓመታዊ ማጣሪያ መጣ። በማጣሪያ ቀን ጋሻ ለኃላፊው ይደውልና የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ ያረጋግጣል። ንግግሩ ተቀድቶ ለቤቱ ይላካል። ሐሴትና ያብስራ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ከበስተኋላ ዶሮ ይጮህ ነበር።

«ያብስራ የቤቱ ሰው ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ሐሴት የቤቱ ሰው ናት?»

ዶሮው ደጋግሞ ጮኸ።

«ሐሴት ማን ናት? አላውቃትም» አሉ ጋሼ ናሆም። «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልመሰክርም።»

«ተመዝግቧል» አለ ጋሻ።

በማግስቱ ሐሴት ከሥራ ስትመለስ በሩ አልተከፈተም። «እንግዳ ነዎት» አላት። «የቤት ሰው እስኪመጣ እባክዎ እዚህ ይጠብቁ።» ድምፁ ላይ ክፋት አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ጃኬቷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆመች። ጎረቤቶች ሲያልፉ በስልክ የምታወራ ለመምሰል ሞከረች። ያብስራ ሲደርስ በሩ ለሁለቱም ተከፈተ።

ቤት ውስጥም እንግዳ ነበረች። ብቻዋን ወጥ ቤት ስትገባ መብራቱ አይበራም። የገላ መታጠቢያው ውሃ ለእንግዳ በተወሰነው ልክ ወርዶ፣ ሳሙናው ሰውነቷ ላይ ሳለ ይቆማል። የቁም ሳጥኗን ያብስራ ይከፍትላትና ዞር ብሎ ይጠብቃታል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ጋሻ ያብስራን ይጠይቀዋል፦

«እንግዳዎ ዛሬም ያድራሉ?»

«አዎ።»

መጀመሪያ ሰሞን ያብስራ ይህን የሚመልሰው እየሳቀ፣ ትከሻዋን እያቀፈ ነበር። ሰንበት ሲል ሳይስቅ መመለስ ጀመረ። ቆይቶም ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» ይል ጀመር፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ እንኳ አያነሳም። አንድ ምሽት በማይረባ ነገር፣ በተረሳ ጨው፣ ተጣሉ። ጋሻ ጠየቀ። ያብስራ ዝም አለ። ቤቱ ጠበቀ፤ ሐሴትም ወንበሯ ላይ ሆና ጠበቀች። ብዙ አልቆየም፤ «አዎ» አለ። ሐሴት ግን በዚያች ትንሽ ፋታ ውስጥ ጫማዋ የት እንዳለ በዓይኗ ፈልጋ ነበር።

የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቁ። ወደ ጋሻ ማዕከል ደወሉ። «ኃላፊው አእምሯቸው ታውኳል የሚል የሐኪም ማስረጃ ካመጣችሁ ፋይሉ ይታሸጋል» አላቸው የመለሰላቸው ሰው። ሰው ይሁን ሌላ፣ አላወቁም።

«ከታሸገ በኋላስ?» አለች ሐሴት።

«ከመታወካቸው በፊት የሰጡት የመጨረሻ ቃል ይጸናል።»

«የመጨረሻ ቃላቸው እኮ አላውቃትም ነው።»

«እሱ ይጸናል።»

ፋብሪካ ውስጥ ለበእምነት ነገረቻት። «ጋሻን አውጥታችሁ ጉልቻን አስገቡበታ» አለቻት።

«ሲስተም መቀየርም በኃላፊው ፈቃድ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና እንዲያውቁሽ አድርጊ» አለች በእምነት። «ምን ሌላ አለ?»

ቅዳሜ ዕለት ወደ ሸዋ ሮቢት ወረዱ። አውቶቡሱ ተራራውን የሚያቋርጠውን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን ተከፈተባቸው። ጋሼ ናሆም ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በዚያ ሐሩር ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ያብስራን ሳሙት። ለሐሴት ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«ኖር፣ ኖር! ይቀመጡ እሜቴ» አሏት። አንቺ ሲሏት የኖሩትን ሴት አንቱ አሏት።

ያብስራ ሁሉንም ነገር በዝርዝር አስረዳቸው። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ኃላፊነቱን ይልቀቁልኝ ቢላቸው፣ «ፍርድ ሳይሰጥ ወንበር አይለቀቅም» ብለው ማስረጃ ጠየቁ። የሠርጋቸውን ፎቶ አሳያቸው፤ ጋሼ ናሆም በመሃላቸው ቆመው የሁለቱንም እጅ ይዘዋል።

«ይህ እኔ ነኝ» አሉ። «ይህ አንተ ነህ። እቺ ሴት ቆንጆ ናት፤ ከእኚህ እሜቴም ጋር ይመሳሰላሉ። ግን ልጄ፣ በፎቶ ሰው አይታወቅም።»

«ጋሼ፣ ዝም ብለው አዎ ይበሉት። በአንድ ቃል ነው የሚያልቀው።»

የጋሼ ናሆም ፊት ጠቆረ። «ያን ሁሉ ዘመን ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንቱን ሐሰተኛ ምስክር ወህኒ አወረድኩ። ዛሬ በስተርጅና አንተ ሐሰት ትለምነኛለህ? ያውም እንግዳ ፊት?» ለመነሣት ሲታገሉ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ።

ሐሴት አላሰበችበትም። ተነሥታ ጋቢውን ከመሬት ሳይደርስ ያዘችና ትከሻቸው ላይ መልሳ፣ ጫፉን በደረታቸው ላይ አጣፋችው። ጋሼ ናሆም እጇን ያዙት። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«ኤልዳና» አሉ።

ኤልዳና ሚስታቸው ነበሩ። ሐሴት ያብስራን ሳታውቅ በፊት የሞቱ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፎቶ ብቻ የምታውቃቸው ሴት።

«የት ቆይተሽ ነው? ኤልዳና?»

ያብስራ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቀና ሲል ሐሴትን አላያትም። እጁ ግን ኪሱ ገባ፤ የጋሻን ጥሪ የሚከፍተውን ስልክ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንዲህ አድርጊ አላላትም። ቢላት ኖሮ እምቢ ለማለት ይቀላት ነበር።

የአዛውንቱ መዳፍ ደረቅና ሙቅ ነበር። ሐሴት ያንን ኮሪደር አሰበች፤ ሰውነቷ ላይ የሚደርቀውን ሳሙና፤ አመሻሹ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ፤ ከ«አዎ» በፊት ያለችውን ፋታ። ፋታዋ እየረዘመች የምትሄድ መሰላት።

«አቤት» አለች።

ያብስራ ጥሪውን ከፈተ። «አዲስ የቤት ሰው ይመዝገብ?» አለ ስልኩ።

«ምን አዲስ አለው?» አሉ ጋሼ ናሆም። «ኤልዳና ናት። ሚስቴ ናት።»

«ተመዝጋቢዋ ስማቸውን በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ።»

«ኤልዳና እባላለሁ» አለች ሐሴት።

ስልኩ ድምፁን ከመዝገቡ ጋር አስተያየ። «ይህ ድምፅ ሐሴት ከተባለች እንግዳ ድምፅ ጋር አንድ ነው። ኃላፊው ያረጋግጡ። የማን ድምፅ ነው?»

ጋሼ ናሆም ሳቁ፤ ጤነኛ፣ ሙሉ ሳቅ። «የሚስቴን ድምፅ ላጣው?» አሉ። «በዚህ እምላለሁ።»

«ተረጋግጧል» አለ።

ከዚያ ተሳፍረው ተመለሱ። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ያብስራ፣ «ለጊዜው ነው» አለ።

«እ።»

«ጋሼ ሲያርፉ ኃላፊነቱ በሕጉ ወደ ሚስታቸው ነው የሚዞረው። ያኔ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሐሴት መስኮቱን አየች። ከዋሻው ጨለማ ላይ የሁለቱ መልክ ብቻ ይታያል።

ቤት ሲደርሱ በሩ ገና ከሩቅ ተከፈተላት። «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ጋሻ። ወጥ ቤቱ በራ። ውሃው መሞቅ ጀመረ። የትልቁ መኝታ ቤት በር በራሱ ገርበብ አለ፤ ያብስራ ተከትሏት ሊገባ ሲል ግን በሩ ፊቱ ላይ በቀስታ ተዘጋ። «የወይዘሮ ኤልዳና መኝታ ነው። ለያብስራ ትንሹ ክፍል ተዘጋጅቷል» ተባለ። ያብስራ ለመሳቅ ሞከረ።

«ነገ እናስተካክለዋለን» አለ ከበሩ ማዶ። «ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ።»

የቁም ሳጥኑ መብራት በራ። ቀሚሶቿ፣ የፋብሪካው ጋዋን፣ ያብስራ በጋብቻቸው ዓመት የገዛላት ሰማያዊ ሹራብ በተሰቀሉበት ናቸው።

«ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ጋሻ፣ «ሐሴት የተባለች እንግዳ ትታቸው የሄደቻቸው ዕቃዎች እዚህ አሉ። ሐሴት ትመለሳለች?»

ሐሴት እጇ ሹራቡ ላይ ቀረ። «ብትመለስስ?» ብላ ጠየቀች።

«ትመለሳለች ካሉ፣ ማን እንደሆነችና ለምን በዚህ ቤት እንደቆየች ኃላፊው ዛሬውኑ ተጠርተው ይጠየቃሉ። ከወይዘሮ ኤልዳና ጋር ስላላት የድምፅ መመሳሰልም ማጣራቱ እንደገና ይከፈታል። ሐሴት ትመለሳለች?»

ከማዶ ያብስራ በሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ምን አለሽ? ምን ይላል?» ይላል።

«አትመለስም» አለች።

«እናመሰግናለን። ዕቃዎቹ ነገ ይነሣሉ» አለ ጋሻ። የቁም ሳጥኑን በር ዘጋ፤ መጋረጃውን ጋረደ፤ የክፍሉንም ሙቀት ለአንዲት አሮጊት በሚስማማ ልክ ከፍ አደረገው።